ያልተጠራው ጉቶ

ዘመናይ ይልቃል መዋሸት አትችልበትም። ወንድሟ ምንያህል በጥቅምት ማብቂያ መጥቶ «እታለም፣ ዘንድሮ ኮረብታውን እንወጣለን» ሲላት መጀመሪያ ጉልበቷን አመማት። ቀጥሎ የማሽላ አጨዳ ደረሰባት። በመጨረሻ ደግሞ ሰው ያልሄደበት መንገድ እባብ እንደሚበዛበት ትዝ አላት። ምንያህል ሦስቱንም በትዕግሥት ሰማና፦

«ዓይንሽ ነው አይደል?» አላት።

እኔ በረንዳው ላይ ሸንኮራ እየላጥኩ ነበር፤ የማይመለከተኝ መስዬ መላጤን ቀጠልኩ።

«አብሽሪ» አላት። «ዓይን የሚያስፈልገው ለመሪ ነው። ለተከታይ ጆሮ ይበቃዋል። ከፊት እኔ እሆናለሁ።»

«አንተ ነህ የምትመራው?»

«ታዲያ ማን ይምራ? መምህር ስለሺ ነው?»

ቀና ብላ ወደ ድምፁ ተመለከተች። ከዚያ ሳላስበው «እሺ» አለች። ያን ጊዜ ወንድሟ ያሳመናት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እሺ ያለችው አንድ ነገር ልታጣራ ነው።

ስለሺ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ አሶሳ ተመድቤ ስመጣ ዘመናይ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዓመት ሠርቼ ዝውውር ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ፤ ይኸው ጠጉሬ ሸበተ። እሷም መምህር ነበረች። የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ስታስቆጥር ኖራ ሰሌዳው ሲደበዝዝባት ተወችው። አሶሳ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ «ሀ»ን ያስተማረችኝ እሷ ናት የማይል ሰው አላገኘሁም፤ ዋጋ ግን አይቀንሱላትም።

የእነሱ ቤተሰብ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ነው። ዘመናይ ነፍስ ያወቀች ልጅ ነበረች፣ ምንያህል በእናቱ ጀርባ። አባታቸው አቶ ይልቃል፣ አምባ በሚባለው የሰፈራ መንደር ከሰፈሩ በኋላ እንቅልፍ አጡ። «የት እንዳመጡኝ ሳላይ አልተኛም» አሉ። ከመንደሩ ወዲያ ያለውን ኮረብታ አዩና ከሥሩ ካለው የበርታ መንደር ረጀብ የሚባል ወጣት ይዘው ወጡ። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር ረጀብ ከፊት እየሄደ እግሩ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ጉቶ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ጉድጓድ ነው። አማርኛው ሲያልቅበት በራሱ ቋንቋ ይቀጥላል፤ አቶ ይልቃልም ሳይገባቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ከህዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል። አወጣጣቸውም እንደ ረጀብ ነው። በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ። መሪው «ጉቶ በቀኝ!» ሲል ከኋላው ያለው ተቀብሎ «ጉቶ በቀኝ!» ይላል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ይወርድና የመጨረሻው ሰው «አልፏል!» ብሎ ይመልሳል። አይቶ ሳይናገር ያለፈ ሰው ከኋላው ላለው መውደቅ ተጠያቂ ነው። ቅጣቱም የሁሉንም ዕቃ ተሸክሞ መውረድ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ወጥተው ምን እንደሚያደርጉ ብትጠይቁኝ፣ ምንም። ዳቦ ይበላሉ፣ የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ እያዩ ይሳሳቃሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ ጠብቄ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ቅዳሜው እስኪደርስ የምቸኩለው እኔ ሆንኩ።

አቶ ይልቃል ካረፉ በኋላ መሪዋ ዘመናይ ነበረች። ዓይኗ ሲደክም ጉዞው ቆመ። «ሞራ ነው፣ ተገፍፎ ሲድን እንሄዳለን» አለች፤ ሁላችንም አመንን።

ሞራ አልነበረም። ይህን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እናንተን ግን ለምን በጭለማ ላስኬዳችሁ፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሄዳ የታየችበት ሐኪም ግላኮማ ነው አላት። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አላት። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ «ወንድም እህት አለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«አንድ ወንድም አለኝ።»

«ቶሎ አምጪው። በቤተሰብ የሚሄድ ነው። ሕመም የለውም፣ ሰውየው ሳያውቀው ከጎን ከጎኑ እየበላ ነው የሚገባው።»

ዘመናይ ይህን ይዛ በአውቶቡስ ስትመለስ እንደደረሰች ለምንያህል ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ቤቷ ስትገባ ግን የልጇ የስርጉት ነገር ጠበቃት፤ ሽማግሌ ሊላክባት ነው። እዚህ አምባ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፣ ሰባት ቤት ይጠየቃል። «በዘራቸው ዕውርነት አለ» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለችና ሞራ ነው ብላ አወራች። ሞራ የማንም ነው፣ አያስነውርም። ሠርጉ ይለፍና እነግረዋለሁ አለች።

ሠርጉ አለፈ። የቅልቅሉ ሰሞን አይነገርም ብላ ተወችው። ከዚያ ምንያህል በሸርቆሌ መስመር የራሱን ሚኒባስ መንዳት ጀመረና ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጣ፤ ዛሬ ይደሰት፣ ነገ እነግረዋለሁ አለች። ዛሬ ነገ ስትል ስርጉት ወልዳ ልጇ ዳዴ አለ። መጨረሻ ላይ የሚያስፈራት በሽታው መሆኑ ቀርቶ መዘግየቷ ሆነ። «እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» ቢላት ምን ልትመልስ ነው?

ምንያህል ጧት ጧት ወደ መናኸሪያ ሲሄድ በሯ ላይ የሚኒባሱን ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰላምታው ነው። እኔ ለጎረቤቱ እንቅልፍ አይጨነቅም እያልኩ እበሳጭ ነበር። እሷ ግን ያን ድምፅ ስትሰማ እጇ የያዘውን ያስቀምጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ክረምት ላይ ሸርቆሌ መንገድ ፍየል ገጭቶ ሲመጣ ወሬውን እያሳመረ አሳቀን፤ «ከሰማይ ነው የወረደችው፣ ወላሂ፣ ክንፍ አላት!» አለ። ዘመናይ አልሳቀችም።

«በየት በኩል ነበረች?» አለችው።

«በግራ። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

የመኪናውን የግራ ስፖኪዮ መናኸሪያው በር ላይ ሲሰብረውም ይህንኑ ጠየቀችው። እኔ ሴትዮዋ ዕድሜ ይዟት መጣ ብዬ አዘንኩላት። እሷ ግን ያንን ሁሉ ስታዳምጥ የራሷን ዓይን ሕመም አጀማመር ነበር የምታስታውሰው፤ የሷም በግራ ነበር የጀመረው። «ማንም ሰው ፍየል ይገጫል» እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ማታውን ደግሞ አታምነውም።

እና ቅዳሜው ደረሰ። አራት ሆነን ተነሳን፤ ምንያህል ከፊት፣ ዘመናይ ከኋላው፣ ቀጥሎ ስርጉት፣ መጨረሻ እኔ ከነዳቦው። የስርጉት ባል ልጁን ይዞ ቀረ። ጧት ስለነበር ሣሩ ጠል ይዟል፤ ሱሪያችን ሳንጀምር ራሰ።

ከኮረብታው ሥር አባባ ረጀብ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ አይወጡም፤ ግን ያቺን ቅዳሜ ረስተዋት አያውቁም። ዘመናይን ሲያዩ ተነሡ፤ አማርኛቸው እስከ ዛሬ ወንድና ሴት አይለይም።

«ዘመናይ! ሁለት ዓመት ጠፋህ። ዓይንህ ታመመ ይላሉ፤ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ ረጀብ።»

«አላህ ከሪም» አሉና ከዛፉ ያስደገፉትን የቀርከሃ በትር እጇ ላይ አኖሩላት። «ይሄን ያዝ። መሬት አስቀድሞ እሱ ይነካል፣ ከዛ እግርህ ይሄዳል።»

እጃቸውን ሳመች። ከፊት ምንያህል መሆኑን ሲያዩ «አንተ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነ!» ብለው ሳቁበት።

መጀመሪያው እንዴት ደስ ይል ነበር። ምንያህል እንደ አባቱ ድምፁን ጎላ አድርጎ «ድንጋይ በቀኝ!» ሲል፣ ዘመናይ «ድንጋይ በቀኝ!» ብላ ስትቀበለው ድምፏ የሰልፍ ሜዳ ላይ የማውቀው ድምፅ ነበር። ስርጉት ትቀበላለች፤ እኔ «አልፏል!» እላለሁ። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ከኋላ ሆኜ ሳያት ዓይነ ስውር አትመስልም ነበር፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። አንድ ቦታ ላይ «እዚች ጋ አባታችን ሁልጊዜ ያርፍ ነበር» አለች፤ እውነትም ማረፊያው ድንጋይ እዚያው ነበር። እንዲህ ስትሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ማስቀመጣችን ቆጨኝ።

ከማረፊያው በኋላ መንገዱ ይጠብባል። በትሯ አንድ ነገር ነካ፤ ቀጭ የሚል የእንጨት ድምፅ እኔም ሰማሁ። በግራ በኩል ጉቶ ነበር። ምንያህል አልጠራውም። ዘመናይ ቆም አለችና፣ ሳትጠራው፣ ዞር ብላ አለፈች። ስርጉት ተደናቀፈችበት።

«እማዬ! ጉቶ እኮ ነበር፤ ምን ሆነሽ ነው?»

«አላየሁትም ልጀ» አለች ዘመናይ፣ እኛም በዚያ መልስ ሳቅን።

ጥቂት እንደሄድን ግን ዘመናይ ወደ መንገዱ ግራ ጠርዝ ተጠግታ መሄድ ጀመረች። ሣር ውስጥ ነው የምትሄደው፣ በትሯን በግራ እየዘረጋች፤ የጠፋበትን ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው። እኔ «ኧረ ወደ መሃል!» እያልኩ እጮሃለሁ። አልሰማችኝም። ከፊት «ድንጋይ በቀኝ!» ይባላል፣ «ሥር በቀኝ!» ይባላል፣ «ቅርንጫፍ፣ አጎንብሱ!» ይባላል። በትሯ በግራ ድንጋይ ይነካል፤ ከፊት ዝም ነው። ሌላ ጉቶ ይነካል፤ ከፊት ዝም ነው። ከዚያ መቀባበሉንም ተወችው። የሚጠራውን ስርጉት ከእናቷ አናት ላይ ተቀበለች።

ወዲያው ምንያህል ወደቀ። እንስሳ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር፤ በግራ በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ውሻ የሚገባበት ስፋት ያለው። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሣሩ ላይ ተዘረረ። አልተጎዳም፤ እንደተኛ መሳቅ ጀመረ።

«ያቺ ፍየል ናት የቆፈረችው!»

«ዕቃ ትሸከማለህ! ቅጣት ነው!» አለች ስርጉት እያጨበጨበች። እኔም የዳቦውን ከረጢት ወዲያው አውርጄ አቀረብኩለት፤ በዚህ አጋጣሚ ትከሻዬ ቢያርፍ ምን አለበት።

ዘመናይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በትሩን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ፊቷን ወደ ወንድሟ አድርጋ።

«ምንያህል፣ ሞራ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«የኔ ዓይን። ሞራ አይደለም። በዘር የሚሄድ ነው። ሐኪሙ ወንድምሽን ቶሎ አምጪው ብሎኝ ነበር። እኔ አልነገርኩህም።»

ምንያህል አሁንም ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር፤ የሚያነሳው ጠፍቶት የቀረ ፈገግታ።

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ስርጉት ሳትዳር።»

ስርጉት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጇ አሁን በእግሩ ይሄዳል።

«በግራህ ያለውን አታይም፣ ወንድምዓለም» አለች ዘመናይ። «ከታች ጀምሮ ስቆጣጠርህ ነበር። በቀኝ ያለው አንድም አላመለጠህም። በግራ አንድም አልጠራህም። እኔም እንዲህ ነበርኩ።»

ምንያህል ተነሥቶ ቆመ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነና የመጣንበትን ቁልቁለት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ምን እንዳየ አልነገረንም። እጁን ሲያወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ትናንት ከሸርቆሌ ስመለስ ሕፃን ያዘለች ሴት በግራ ጠርዝ ትሄድ ነበር» አለ። «ረዳቱ 'ሰው!' ብሎ ሲጮህ ነው ያየኋት። ተቆጣሁት፤ እያየሁ ለምን ትጮሃለህ አልኩት።» ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። «ለኔ ባትይ እንኳ እታለም፤ ለነዚያ ሰዎች ስትይ ምናለ ብትነግሪኝ?»

«አጥፍቻለሁ» አለች።

የልጄን ትዳር ብዬ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ስርጉት ፊት አላለችውም። ስርጉት ግን ራሷ ደርሳበት አለቀሰች። «በኔ ሠርግ ነው? ለኔ ብለሽ ነው? ማን ለመነሽ?» አለቻት። ዘመናይ እሱንም ተቀበለች። እኔ ዳቦውን ይዤ ቆምኩ። ሰው በተጣላ ቁጥር የሚታረቅበት ቃል አይጠፋኝም፣ አምባው ሁሉ ሽማግሌ ብሎ የሚጠራኝ እኔን ነው፤ ያን ቀን ግን ያደረግኩት የዳቦውን ከረጢት ፈትቶ እንደገና ማሰር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ምንያህል «እንውጣ» አለ። «ስርጉት ትምራ።»

ወጣን። ስርጉት በለቅሶ በሻከረ ድምፅ ትጠራለች፣ ዘመናይ ትቀበላለች፣ ከሷ ኋላ ምንያህል ይቀበላል። አንድም አልጎደለም። አናቱ ላይ ዳቦውን ቆርሰን ያዝነው እንጂ የበላው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስንወርድ ዕቃውን ዘመናይ ተሸከመች። ስቀማት እጄን መታ አድርጋ «ቅጣቱ የኔ ነው» አለች።

ምንያህል ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ለሚኒባሱ ሹፌር ቀጠረና በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሄደ። ጧት ጧት ሚኒባሱ ሲያልፍ ጥሩምባ የለም። ዘመናይ እሱ እስኪመለስ እህል አልቀምስ አለች ማለት ይቻላል። «ስንት ቀረለት ይሆን?» ትለኛለች፤ ቆይታ ደግሞ ትደግመዋለች። «ያን ጊዜ ነግሬው ቢሆን ስንት ይተርፍለት ነበር?»

ከሰዓት በኋላ ነበር የመጣው። ከመኪና እንደወረደ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ እየሳቀ ነው በሯ የገባው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ሐኪሙ ሳቀብኝ!» አለ። «ገና ጅማሬ ነው፣ በጊዜ ነው የመጣኸው አለኝ። ጠብታ ሰጠኝ፣ በቃ። አብሽሪ እታለም፣ አንቺ አልጎዳሽኝም። ያን ጊዜ ብሄድ እንኳ ምንም አያገኝብኝም ነበር።»

ዘመናይ ትንፋሿን ለቀቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም ለቀቅሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ ጮክ ብዬ። ስለ ጉዞው አወራን፣ ስለ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ አወራን፣ ሳቅን። እሷ ግን ቆይታ አጠገቧ ያለውን መደብ መታ መታ አደረገች።

«ና እስኪ እዚህ ተቀመጥ። ወደኔ ዙር።»

ተቀመጠ።

«ቀኝ ዓይንህን ክደን።»

«ምን ልትሆኝ ነው?»

«ጣቴን ትቆጥርልኛለህ።»

«አንቺ ሳታይ ብሳሳትስ ማን ሊያርመኝ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ግን ከደነ።

«ስንት ነው?» አለችው።

ምንያህል ግራ ዓይኑን ፊቷ ላይ እንደተከለ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ጥቂት አሰበ። እኔ ማሳል እችል ነበር፤ አላሳልኩም።

«ሦስት» አለ።

«እጄን አላነሳሁም» አለችው።

መዳፉን ከቀኝ ዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ አወረደና ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አያቸው።